ኬኔዲ፦ የአንድ የአየርላንድ ቤተሰብ ስም አመጣጥና ስርጭት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ለተማረ ሰው «ኬኔዲ» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። በግቢው የሚገኘው የጆን ኤፍ ኬኔዲ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት በተማሪዎችና በመምህራን ዘንድ የሚታወቀው በዚሁ አጭር ስም ነው። በኒው ዮርክ የሚገኝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በፍሎሪዳ የሚገኘው የአሜሪካ የጠፈር ማዕከል፣ እንዲሁም በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ያለ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎችን የያዘ ክፍለ ከተማ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ የተገኘው ከአሜሪካ አይደለም። መነሻው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በምዕራብ አየርላንድ በሻነን ወንዝ አካባቢ ይኖር የነበረ ጎሳ ነው። ዛሬ ያለውን ቅርጽ የያዘውም በጦርነት፣ በመሬት መነጠቅ፣ በቋንቋ ለውጥ፣ በረሃብና በስደት ውስጥ አልፎ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት የስሙን ዕጣ የወሰኑት ባለቤቶቹ ብቻ አልነበሩም። የግብር ሰብሳቢው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊውና የልደት መዝጋቢው ብዕርም የራሱ ድርሻ ነበረው። በመሆኑም የኬኔዲ ስም ታሪክ አንድ ስም እንዴት እንደሚስፋፋ ከማሳየቱም በላይ፣ በመዝገብ የሰፈረ ስም ለባለቤቱና ለዘሮቹ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስገነዝባል።

ከአባት ስም ወደ ቤተሰብ ስም

በኢትዮጵያ ልማድ አንድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። የአባት ስም በየትውልዱ የሚለወጥ በመሆኑ አንድ ቤተሰብ ለብዙ ዘመን የሚጠራበት ቋሚ ስም የለውም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ በነባሩ ልማድ መጠቀሙን ቀጥሏል።

በአየርላንድም እስከ አሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የነበረው አሠራር ከዚህ ብዙም የተለየ አልነበረም። ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይጨምር ነበር። በአባቱ ሲጠራ «ማክ» የሚለው ቃል በስሞቹ መካከል ይገባል፤ ትርጉሙም በግዕዝ «ወልደ» እንደሚባለው «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። በአያቱ ሲጠራ ደግሞ «ኦ» የሚለው ቃል ይቀድማል፤ ይህም «የእገሌ የልጅ ልጅ» ወይም «የእገሌ ዘር» ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ ግን ይህ አጠራር በየትውልዱ መለወጡ ቀርቶ ከአንድ ስመ ጥር ቅድመ አያት ጋር ተጣብቆ ቀረ። የልጅ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ከዚያ በኋላ የመጡት ዘሮቹ ሁሉ በዚሁ ስም መጠራት ጀመሩ። በአየርላንድ ዜና መዋዕሎች ውስጥ ለዚህ ቀደምት ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ በ916 የሞተው የኦ ክሌሪ ቤተሰብ ባላባት ነው። በዚህም ምክንያት አየርላንድ በአውሮፓ ቋሚ የቤተሰብ ስም ቀድመው ከያዙ አገሮች መካከል ትመደባለች።

ይህን አሠራር ያወጀው ንጉሥ ብራያን ቦሩ ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ። ሆኖም ከንጉሡ ዘመን የተገኘ እንዲህ ያለ አዋጅ የለም። ከላይ የተጠቀሰው ማስረጃም የቤተሰብ ስም እርሱ ከመንገሡ በፊት መጀመሩን ያመለክታል። የሆነ ሆኖ የብራያን ቦሩ ስም ከኬኔዲ ስም ታሪክ ጋር በሌላ መንገድ የተሳሰረ ነው።

የስሙ ባለቤትና ትርጉሙ

የብራያን ቦሩ አባት የሎርካን ልጅ ኬኔቲግ ይባል ነበር። ኬኔቲግ ዛሬ ክሌር ተብሎ በሚጠራው ካውንቲ ይኖር የነበረው የዳል ጋሽ ጎሳ መሪ ሲሆን የሞተው እ.ኤ.አ በ951 ነው። ልጁ ብራያን የመላ አየርላንድ ንጉሥ ለመሆን የበቃና እ.ኤ.አ በ1014 ክሎንታርፍ በተባለ ሥፍራ ከደብሊን ቫይኪንጎችና ከአጋሮቻቸው ጋር በተደረገው ውጊያ የተገደለ ነው። ከብራያን ወንድሞች አንዱ ለልጁ የአያቱን ስም አወጣለት። ስሙ በኋለኛው ዘመን አጠራር «ኪኔዴ» የሚባል ሲሆን፣ የዘር ሐረግ ጸሐፍት «ኦ ኪኔዴ» የተባለውን ቤተሰብ የሚያያይዙት ከዚህ የብራያን ቦሩ የወንድም ልጅ ጋር ነው። «ኬኔዲ» የሚለው አጻጻፍ የዚህ የአየርላንድኛ ስም እንግሊዝኛ ቅርጽ ነው።

የስሙን ትርጉም በተመለከተ ሁለት አተረጓጎሞች አሉ። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል «ራስ» ማለት እንደሆነ ሁሉም ይስማማሉ። ሁለተኛው ክፍል «የጦር ልብስ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ከተባለ ስሙ «የራስ ቁር ያጠለቀ» የሚል ፍቺ ይኖረዋል። «መልከ ጥፉ» ወይም «አስፈሪ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ከተባለ ደግሞ «አስፈሪ ራስ» ማለት ይሆናል። የስሙ ተሸካሚዎች የመጀመሪያውን ፍቺ መምረጣቸው የሚጠበቅ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ሁለቱንም ያቀርባሉ።

በአየርላንድኛ ቋንቋ የቤተሰብ ስም እንደ ባለቤቱ ጾታና እንደ ትዳር ሁኔታም ይለዋወጣል። ወንዱ «ኦ ኪኔዴ» ሲባል፣ ያላገባች ሴት ልጁ «ኒ ሂኔዴ» ትባላለች፤ ሚስቱ ደግሞ «ኢ ሂኔዴ» ልትባል ትችላለች። «ኦ» የሚለው ቃል ለሴት «ኒ» ወይም «ኢ» የሚሆን ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው የ«ኪ» ድምፅም ወደ «ሂ» ይላላል። ይህ ለቋንቋው ተናጋሪ ግልጽ ቢሆንም ቋንቋውን ለማያውቅ ጸሐፊ ግን ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ሊመስለው ይችላል።

ከክሌር ወደ ኦርመንድ

ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሠፈረው ከሻነን ወንዝ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የክሌር ምሥራቃዊ ክፍል ነበር። በዚያ የሚገኘው ኪሎኬኔዲ የተባለ አጥቢያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኃይለኛ ጎረቤቶቻቸው ከኦብራይንና ከማክናማራ ቤተሰቦች ጫና ሲበረታባቸው ወንዙን ተሻግረው በምሥራቅ በኩል ወዳለው ኦርመንድ ወደተባለ አገር አመሩ። አካባቢው ዛሬ የቲፐራሪ ካውንቲ ሰሜናዊ ክፍል ነው።

በኦርመንድ ኬኔዲዎች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ባላባት ሆነው ቆይተዋል። ከጊዜ በኋላም ቤተሰቡ በሦስት ተከፈለ። ቅርንጫፎቹ ዶን፣ ፊንና ሩዋ ይባሉ ነበር፤ እነዚህም በቅደም ተከተል ቡናማ፣ ነጣ ያለና ቀይ ማለት ናቸው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሰዎች ሲበዙ ተጨማሪ መለያ ማስፈለጉ በየአገሩ የሚታይ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ በ1169 ኖርማኖች አየርላንድ ከገቡ በኋላ በኦርመንድ ሌላ ባለርስት መጣ። በትለር የተባለው የኖርማን ቤተሰብ በእንግሊዝ ንጉሥ ስጦታ አካባቢውን የያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1328 ደግሞ የቤተሰቡ ራስ «የኦርመንድ መስፍን» የሚል ማዕረግ አገኘ። ስለዚህ በአንድ አገር ላይ ሁለት ባለመብቶች ተገኙ፤ አንዱ በእንግሊዝ ዘውድ የተሾመ፣ ሌላው በአየርላንድ ልማድ የተሰየመ። ሁለቱ ቤተሰቦችም አንዳንድ ጊዜ በጦር፣ አንዳንድ ጊዜ በውል ግንኙነታቸውን ሲያስተካክሉ ኖረዋል።

ከዚያ ዘመን ከቀሩት ቅርሶች ትልቁን ሥፍራ የሚይዘው «ስቶው ሚሳል» በሚል ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የቅዳሴ መጽሐፍ ማኅደር ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የታደሰው ይህ በብረት የተጌጠ ማኅደር «የኦርመንድ ንጉሥ» ለተባለው ለፊሊፕ ኦ ኬኔዲና ለሚስቱ ለአውንየ ጸሎት እንዲደረግ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ባልና ሚስቱ የሞቱት እ.ኤ.አ በ1381 ነው። ማኅደሩ አሁን በአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ መጽሐፉ ደግሞ በደብሊን በሚገኘው የአየርላንድ ሮያል አካዳሚ ይገኛል። የእንግሊዝ ዘውድ ሰነዶች የኦርመንድን ጌትነት ለበትለር ቤተሰብ ሲሰጡ፣ በአየርላንድኛ የተቀረጸው ይህ ጽሑፍ ደግሞ ለኬኔዲ ይሰጣል። ማን የየትኛው አገር ጌታ እንደነበር ለማወቅ ሰነዱን የጻፈው ወገን ማን እንደሆነ መለየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስምን በሕግና በብዕር መለወጥ

በአየርላንድ የእንግሊዝ አስተዳደር የሰዎችን ስም በቀጥታ በሕግ ለመለወጥ የሞከረበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ በ1465 የወጣ ሕግ በደብሊንና በአካባቢዋ ባሉ አራት ካውንቲዎች ከእንግሊዛውያን ጋር የሚኖሩ አየርላንዳውያን የእንግሊዝ ስም እንዲይዙ አዘዘ። ሕጉ ስሙ ከምን ሊወሰድ እንደሚችልም ይዘረዝራል፤ ከከተማ ስም፣ እንደ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ካሉ ቀለማት፣ እንደ አንጥረኛና አናጢ ካሉ ሙያዎች፣ ወይም እንደ ወጥ ቤትና አሳላፊ ካሉ የአገልግሎት ሥራዎች። ትእዛዙን ያልፈጸመ ሰው ንብረቱን በቅጣት ያጣ ነበር።

የኬኔዲዎች አገር ከእነዚህ ካውንቲዎች ውጭ በመሆኑ ሕጉ በቀጥታ አልደረሰባቸውም። ስማቸውን የለወጠው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው የመሬት መነጠቅ ነው። የኦሊቨር ክሮምዌል ጦር እ.ኤ.አ ከ1649 እስከ 1653 ባካሄደው ዘመቻ አየርላንድን ሙሉ በሙሉ ከተቆጣጠረ በኋላ የካቶሊክ ባላባቶች መሬት በብዛት ተወርሶ ለእንግሊዝ ወታደሮችና ለጦርነቱ ገንዘብ ላበደሩ ሰዎች ተከፋፈለ። ቲፐራሪም ከተወረሱት ካውንቲዎች አንዷ ነበረች። ትናንት ባላባት የነበሩ ቤተሰቦች ጭሰኛ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱም፣ የግብር መዝገቡም፣ የመሬት ኪራይ ውሉም በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሆነ። ጸሐፊው የሰማውን ስም በራሱ ቋንቋ ድምፅ ይጽፋል፤ ባለጉዳዩም ብዙ ጊዜ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል የተጻፈውን ማረም አይችልም። «ኦ» እና «ማክ» የአየርላንዳዊነትና የካቶሊክነት ምልክት ተደርገው ይታዩ ስለነበር እነዚህን ቃላት መያዝ በሥራም በፍርድ ቤትም የሚጠቅም አልነበረም። በዚህ ሁኔታ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ኦ ኪኔዴ» የነበረው ስም በሰነዶች ላይ «ኬኔዲ» ብቻ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ በ1893 የአየርላንድኛ ቋንቋን ለማስፋፋት የጌሊክ ሊግ ማኅበር ከተመሠረተ በኋላ በርካታ ቤተሰቦች የጣሉትን «ኦ» መልሰው አነሡ። ኦሱሊቫን፣ ኦኮነርና ኦኒል በሚሉት ስሞች ይህ በስፋት ይታያል። የኬኔዲ ቤተሰቦች ግን በአብዛኛው ያለ «ኦ» ቀጥለዋል። በአየርላንድ ሪፐብሊክ ሁለቱም ቋንቋዎች በሕገ መንግሥቱ የታወቁ በመሆናቸው አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ኬኔዲ፣ በአየርላንድኛ ኦ ኪኔዴ ተብሎ መጠራት ይችላል።

በስኮትላንድ የሚገኙት ኬኔዲዎች

ኬኔዲ የሚባል ሰው ሁሉ ከኦርመንድ የመጣ አይደለም። በስኮትላንድ ደቡብ ምዕራብ ኤይርሻየር በተባለው ግዛትም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ኬኔዲ የተባለ ኃያል ቤተሰብ ነበር። ከዚህ ቤተሰብ የተወለዱት ጳጳስ ጄምስ ኬኔዲ እ.ኤ.አ በ1450 በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የቅዱስ ሳልቫቶርን ኮሌጅ መሥርተዋል። የቤተሰቡ ራስ እ.ኤ.አ በ1509 የካስልስ መስፍን የሚል ማዕረግ ያገኘ ሲሆን፣ በባሕር ዳርቻ ላይ የሚገኘው ታዋቂው የከሌይን ግንብም የዚሁ ቤተሰብ ነበር።

የስኮትላንድና የአየርላንድ የጌል ቋንቋዎች ከአንድ ሥር የበቀሉ በመሆናቸው ተመሳሳይ የግል ስም በሁለቱም አገሮች ይገኝ ነበር። ስለሆነም የሁለቱ ቤተሰቦች ስም አንድ መሆኑ ብቻውን የደም ትስስር መኖሩን አያረጋግጥም።

ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳሰበው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ስኮትላንዳውያን በብዛት ወደ ሰሜን አየርላንድ ሄደው መስፈራቸው ነው። ከሰፋሪዎቹ መካከል ኬኔዲዎችም ነበሩ። በዚህም ምክንያት በአንትሪምና በዳውን ካውንቲዎች የሚገኝ ኬኔዲ ብዙ ጊዜ የስኮትላንድ የዘር ሐረግ ያለውና ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ በቲፐራሪ የሚገኘው ግን የጥንቱ የዳል ጋሽ ዘርና ካቶሊክ ነው። የአየርላንድ የዘር ሐረግ ጥናት መሪ የነበሩት ኤድዋርድ ማክላይሳት የቲፐራሪው ቤተሰብ ወደ ምሥራቅ እስከ ዌክስፎርድ ድረስ መስፋፋቱንና በዓለም የታወቀው የአሜሪካው ቤተሰብም የተገኘው ከዚያ መሆኑን ጽፈዋል።

ረሃቡና ስደቱ

እ.ኤ.አ በ1845 የድንች በሽታ በአየርላንድ ተከሰተ። የአብዛኛው ድሃ ገበሬ ምግብ ድንች ብቻ ስለነበር ችግሩ በፍጥነት ወደ ረሃብ ተሸጋገረ። እስከ 1852 በቆየው በዚህ ጊዜ 1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በረሃብና በወረርሽኝ ሲያልቁ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ አገር ጥለው ተሰደዱ። በ1841 በተደረገው ቆጠራ 8 ሚሊዮን 175 ሺህ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን 552 ሺህ ዝቅ ብሏል።

በዚህ ጊዜ አንድ ኬኔዲ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በስሙ መነሻ አገር በክሌር ይሠራ ነበር። አርተር ኬኔዲ በሰሜን የዳውን ካውንቲ የተወለደ የቀድሞ የጦር መኮንን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ1847 ጀምሮ ኪልረሽ በተባለው አካባቢ የድሆች መርጃ ሕግ ተቆጣጣሪ ሆኖ አገልግሏል። ባለርስቶች ኪራይ መክፈል ያልቻሉ ጭሰኞችን እያስወጡ ቤታቸውን ሲያፈርሱ አርተር ኬኔዲ የተፈናቀሉትን ሰዎች እየመዘገበ ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። ሪፖርቱ በ1849 ለእንግሊዝ ፓርላማ የቀረበ ሲሆን፣ ስለዚያ አካባቢ መፈናቀል ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው ከዚሁ የአንድ ተቆጣጣሪ የሥራ መዝገብ ነው። ባለሥልጣኑ ከዚያ በኋላ የሴራሊዮን፣ የምዕራብ አውስትራሊያ፣ የሆንግ ኮንግና የኩዊንስላንድ ገዥ ሆኖ ተሹሟል። በሆንግ ኮንግ የሚገኘው ኬኔዲ ታውን የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ስማቸውን የሚያውቅ ባለሥልጣን ሳይኖራቸው የሄዱት ግን እጅግ ይበዛሉ። ከእነዚህ አንዱ በዌክስፎርድ ካውንቲ በኒው ሮስ ከተማ አቅራቢያ ደንጋንስታውን በተባለ ሥፍራ የተወለደው ፓትሪክ ኬኔዲ ነበር። የጭሰኛ ገበሬ ልጅ የነበረው ፓትሪክ በረሃቡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በቦስተን ከተማ የእንጨት በርሜል ሠሪ ሆነ። በዚያም ከዌክስፎርድ የመጣችውን ብሪጅት መርፊን አገባ። እ.ኤ.አ በ1858 በ35 ዓመቱ ሲሞት የመጨረሻ ልጁ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ባሏ የሞተባት ብሪጅት ተቀጥራ እየሠራች፣ በኋላም ትንሽ ሱቅ ከፍታ ልጆቿን አሳደገች። ያ ሕፃን ፓትሪክ ጆሴፍ ኬኔዲ በወደብ ሥራ ጀምሮ የመጠጥ ቤቶች ባለቤት ለመሆን በቃ፤ በ1880ዎቹም ለማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ተመረጠ። የእርሱ ልጅ ጆሴፍ ኬኔዲ ባለሀብት ሆኖ እ.ኤ.አ ከ1938 እስከ 1940 በእንግሊዝ የአሜሪካ አምባሳደር ነበር። የጆሴፍ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ደግሞ በ1960 በተደረገው ምርጫ አሸንፎ የአሜሪካ የመጀመሪያው ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ሆነ። በበርሜል ሠሪው ስደተኛና በፕሬዚዳንቱ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ትውልድ ብቻ ነው።

ስሙ ወደ ሌሎች አቅጣጫዎችም ተጉዟል። ወደ ሊቨርፑልና ወደ ግላስጎው የፋብሪካ ሠፈሮች፣ ወደ ካናዳ እንዲሁም ወደ አውስትራሊያ የሄዱት ኬኔዲዎች ብዙ ናቸው። በአውስትራሊያ የሽፍታው የኔድ ኬሊ ቡድን እ.ኤ.አ በ1878 ከገደላቸው ፖሊሶች መካከል ሳጅን ማይክል ኬኔዲ ይገኝበታል። ገዳዩም ተገዳዩም የአየርላንድ ስም የያዙ መሆናቸው ስደቱ ሰዎችን በሕግ አስከባሪነትም በሕግ ተላላፊነትም እንዳሠለፈ ያሳያል።

ቆጠራውና የተቃጠለው መዝገብ

በአየርላንድ የሁሉም ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 1864 አንሥቶ ነው። ምዝገባው እንደተጀመረ ባለሙያዎቹን የገጠማቸው ችግር የስም አጻጻፍ ነበር። አንድ ሰው በልደቱ በአንድ አጻጻፍ፣ በጋብቻው በሌላ፣ በሞቱ ደግሞ በሦስተኛ ይመዘገብ ነበር። «ኦ» አንድ ጊዜ ይጨመራል፤ ሌላ ጊዜ ይቀራል። ወንድም በ«ኦ» ፊደል ሥር፣ እህቱ ደግሞ በ«ኒ» ሥር ልትገኝ ትችላለች።

ይህን ችግር ለማቃለል የምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሮበርት ማቲሰን እ.ኤ.አ በ1890 የአየርላንድን የስም ልዩነቶችና አቻዎች የሚዘረዝር መመሪያ አሳተመ። መመሪያው የተዘጋጀው መዝጋቢዎችና ማስረጃ ፈላጊው ሕዝብ የትኞቹን አጻጻፎች አብረው መመልከት እንዳለባቸው ለማሳወቅ ነበር። ማቲሰን በዚህ ሳይወሰን የ1890ን የልደት መዝገብ መሠረት አድርጎ የእያንዳንዱን የቤተሰብ ስም ተሸካሚዎች ብዛት በግምት አስልቶ በ1894 ይፋ አደረገ። በዚህ ስሌት መሠረት መርፊ በ62 ሺህ 600 ሰዎች አንደኛ፣ ኬሊ በ55 ሺህ 900 ሁለተኛ ሲሆኑ ኬኔዲ በ19 ሺህ 900 ሰዎች 16ኛውን ደረጃ ይዟል። የስም አመጣጥ አጥኚዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህ አኃዝ የቢሮ ሥራን ለማቃለል ከተጀመረ ጥረት የተገኘ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ ግን ዕድለ ቢስ ነበር። እ.ኤ.አ ሰኔ 30 ቀን 1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ በደብሊን የፎር ኮርትስ ሕንፃ ውስጥ የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። ከ1821 እስከ 1851 በየአሥር ዓመቱ የተካሄዱት የአራት ቆጠራዎች ቅጾች ከጥቂቶቹ በስተቀር በዚያው ጠፉ። የ1861 እና የ1871 ቆጠራ ቅጾች ደግሞ ቀደም ብሎ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር። የ1881 እና የ1891 ቅጾችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ጥሬ ዕቃ ውለዋል። እሳቱ ያጠፋውንና በውሳኔ የተወገደውን አንድ ላይ ስንመለከት፣ ረሃቡ ስንት ቤት እንደዘጋና ከየቤቱ ማን እንደተሰደደ በስም የሚናገረው ዋናው ማስረጃ አሁን የለም።

ጉዳቱ በተለይ የሚሰማው በውጭ ባሉት የስደተኞች ዘሮች ዘንድ ነው። በአሜሪካ ሰነዶች ላይ የስደተኛው የትውልድ ሥፍራ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «አየርላንድ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ መነሻ ሊታወቅ የቻለው ዘመዶቹ በደንጋንስታውን በዚያው እርሻ ላይ ስለቀጠሉ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የሌለው የቦስተን ወይም የሜልበርን ኬኔዲ ግን ቅድመ አያቱ ከቲፐራሪ ይሁን ከአንትሪም፣ ከዳል ጋሽ ጎሳ ይሁን ከስኮትላንድ ሰፋሪ፣ በስሙ ብቻ ሊለይ አይችልም።

ክፍተቱን ለመሙላት የሚያገለግሉት ለሌላ ዓላማ የተዘጋጁ መዛግብት ናቸው። እ.ኤ.አ ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል የተጠናቀረው የመሬትና የቤት ግምት መዝገብ የየአባወራውን ስም ይዟል። የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ከ2015 ጀምሮ በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይገኛሉ። ከጥፋት የተረፉት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎችም በነፃ እንዲነበቡ ተደርጓል። ከዚህም ሌላ ቃጠሎው በተፈጸመ በ100ኛ ዓመቱ፣ በ2022፣ በየአገሩ የተበተኑ ቅጂዎችን አሰባስቦ የጠፋውን መዛግብት ቤት በኮምፒዩተር መልሶ ለማደራጀት የተጀመረው ፕሮጀክት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

ከቤተሰብ ስም ወደ ግል ስም

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ በሰኔ 1963 አየርላንድን የጎበኘ ሲሆን፣ በሥልጣን ላይ እያለ አየርላንድን የረገጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ቅድመ አያቱ በተሰደደበት አካባቢ በኒው ሮስ ንግግር አድርጓል፤ በደንጋንስታውን ከዘመዶቹ ጋር ሻይ ጠጥቷል፤ ለአየርላንድ ፓርላማም ንግግር አሰምቷል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበለ ሲሆን፣ ኅዳር 22 ቀን በዳላስ ከተማ ተገደለ። ንጉሠ ነገሥቱም ከሦስት ቀን በኋላ በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝተዋል።

ስሙ በሰፊው ለመታሰቢያነት መዋል የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የኒው ዮርኩ አውሮፕላን ማረፊያና የፍሎሪዳው የጠፈር ማዕከል ስያሜውን ያገኙት ከግድያው በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በ1961 የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠለት የቦጎታው የመኖሪያ ሠፈርም ከሞቱ በኋላ በስሙ ተጠርቷል። የአዲስ አበባው ቤተ መጻሕፍትም ከእነዚሁ መታሰቢያዎች አንዱ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ስሙ ሌላ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ በ1960 የኬኔዲ ቤተሰብ የበጎ አድራጎት ድርጅት የኬንያና የጎረቤት አገሮች ተማሪዎች ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄዱበትን የአውሮፕላን ጉዞ ለመሸፈን 100 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ነበር። በኬንያ ዛሬ «ኬኔዲ» የተለመደ የወንድ ልጅ የግል ስም ነው። በአሜሪካ ደግሞ ለሴት ልጅም ይወጣል። በ951 የሞተው የሎርካን ልጅ መጠሪያ የነበረው የግል ስም፣ አንድ ሺህ ዓመት የቤተሰብ ስም ሆኖ ከቆየ በኋላ እንደገና ወላጅ ለልጁ የሚያወጣው ስም ሆኗል ማለት ነው።

በአጠቃላይ የኬኔዲ ስም ከሻነን ዳርቻ ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ አብሮት የተጓዘው የደም ሐረግ ብቻ አልነበረም። ከማኅደር ላይ ከተቀረጸው ጸሎት እስከ ኪልረሹ ተቆጣጣሪ ሪፖርትና እስከ ማቲሰን መመሪያ ድረስ፣ ስሙን ለትውልድ ያቆየው በጥንቃቄ የጻፈና የጻፈውን የጠበቀ እጅ ነው። ያለ ጥንቃቄ የተጣለች አንዲት «ኦ» ወንድምና እህትን በሁለት የመዝገብ ገጽ ትለያያለች፤ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ተብሎ የተወገደ የቆጠራ ቅጽ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ አያቱን የሚፈልግን ሰው መልስ ያሳጣል። በአየርላንድ የደረሰው ይህ ነው፤ አሁንም የሚደረገው የመዛግብት ፍለጋ ያንን ለመጠገን የሚካሄድ ሥራ ነው።